«የልጆች ጊዜ» የቴሌቪዥን ዝግጅትና የተረት ክዋኔ፦ ከካምባ አንፃር የተቃኘ ታሪክ

መግቢያ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታሪክ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ዜናው፣ ድራማውና ዘፈኑ ነው። ለልጆችና ለታዳጊዎች ይቀርብ የነበረው ዝግጅት የሚነሣው በትዝታ መልክ ነው፤ በጥናት መልክ ሲነሣ እምብዛም አይታይም። ሰዎች «አባባ ተስፋዬን እያየን ነው ያደግነው» ይላሉ፤ ጨዋታው በዚያው ያበቃል። ይህ አባባል ግን ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ቢያንስ ሁለት ጥያቄዎችን ሊያስነሣ ይገባው ነበር። አንደኛው፣ ያ ዝግጅት እንደ ሥነ ቃል ክዋኔ ሲታይ ምን ዓይነት ነበር? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ «እያየን ነው ያደግነው» ስንል «እኛ» የምንላቸው እነማን ናቸው? የሚል ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች አያይዞ ማየት ነው። የማነሣው በአዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ ስለተዘጋጀው «የልጆች ጊዜ» ቢሆንም፣ የማየው ከተወለድሁበት ከካምባ ቆሜ ነው። ካምባ በጋሞ ደጋማ አገር፣ ከአርባ ምንጭ በስተ ደቡብ ምዕራብ ይገኛል። እንዲህ ያለውን የእይታ ሥፍራ የመረጥሁት የትውልድ መንደሬን ለማስተዋወቅ ብዬ አይደለም። አንድ ሥርጭት ምን እንደሠራ በትክክል የሚታወቀው በደረሰበት ብቻ ሳይሆን ዘግይቶ በደረሰበትና ባልደረሰበት ሥፍራም ሲጠየቅ ነው ብዬ ስለማምን ነው። ሌላ ምልክት ካልተደረገ በቀር ዓመታቱ የተቀመጡት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

1. «መጋዘን» እና «ልጅ»

በመጀመሪያ ስለ ዝግጅቱ ዓይነት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አውሮፓውያን «ማጋዚን» የሚሉት ቃል መነሻው ዐረብኛ ሲሆን ትርጉሙም ማከማቻ ማለት ነው። ይኸው ቃል በሌላ መንገድ ተጉዞ በእኛ አገር «መጋዘን» ሆኗል። እኛ እህልና ሸቀጥ አስቀመጥንበት፤ እንግሊዞች ጽሑፍ አስቀመጡበት። እ.ኤ.አ. በ1731 በለንደን መታተም የጀመረው «ጀንትልማንስ ማጋዚን» ስያሜውን ለወቅታዊ ኅትመት እንዳዋለው ይታወቃል። ቴሌቪዥን ሲመጣ ይኸው ሐሳብ ወደ መስኮቱ ተሸጋገረ። ዘፈን፣ ጨዋታ፣ እንግዳ፣ የእጅ ሥራና ምክር በአንድ አቅራቢ አማካይነት እየተያያዙ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ መቅረብ ጀመሩ ማለት ነው። በአገራችን ቴሌቪዥን ለመላው ቤተሰብ ከቀረቡት መካከል «ኅብረ ትርኢት» የሚለው ስያሜ ይህንኑ ባሕርይ አጥርቶ የሚገልጽ ይመስለኛል። «ኅብር» የሚለው ቃል ቅይጥነትንም ውበትንም በአንድነት ይዟልና።

በእንግሊዝ አገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እስከ የካቲት 1957 እ.ኤ.አ. ድረስ ቴሌቪዥን በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ይዘጋ ነበር። ምክንያቱም ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲያስተኙ ነው። ይህ ልማድ በተሻረበት ቅዳሜ ክፍት የሆነውን ሰዓት ቢ.ቢ.ሲ. «ሲክስ ፋይቭ ስፔሻል» በተባለ የወጣቶች ዝግጅት ሞላው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ «አሜሪካን ባንድስታንድ» የተባለው የወጣቶች የሙዚቃ ዝግጅት በመላ አገሪቱ መተላለፍ ጀመረ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ ቢ.ቢ.ሲ. «ብሉ ፒተር» የተባለውን የልጆች ዝግጅት ከፈተ። በዚያ ዓለም እንግዲህ ክፍፍሉ ግልጽ ነበር፤ ለሕፃን አንድ፣ ለታዳጊው ሌላ። ታዳጊው ራሱን የቻለ የዕድሜ ክፍል፣ ከዚያም አልፎ ሸክላና ልብስ የሚገዛ ደንበኛ ሆኖ ይታይ ነበርና።

በአማርኛ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። «ሕፃን»፣ «ጎረምሳ»፣ «ኮረዳ»፣ «ወጣት» የሚሉ ቃላት አሉን። «ታዳጊ» የሚለው ቃል የአንድን የዕድሜ ክልል ስያሜ ሆኖ በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ የሰፈረው ግን ዘግየት ብሎ ነው። ከሁሉም በላይ የሚለጠጠው «ልጅ» የሚለው ቃል ነው። የአርባ ዓመት ጎልማሳ ለእናቱ ልጅ ነው፤ መኳንንቱም በማዕረግ «ልጅ» ይባሉ ነበር። በመሆኑም «የልጆች ጊዜ» የሚለው ስም ከመነሻው በሩን ገርበብ አድርጎ የተወ ስም ነበር። ሕፃኑም ይገባበታል፤ ጎረምሳውም፣ አፍሮ ካልተመለሰ፣ ይገባበታል።

2. ከመድረክ ወደ ስቱዲዮ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። የተቋቋመው በእንግሊዙ የቶምሰን ኩባንያ የሙያ እርዳታ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ስቱዲዮ የሚገኘው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። በዚያ ዘመን ሥርጭቱ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ አያልፍም፤ ተቀባዩም መሣሪያ በጥቂት ቤቶች ብቻ የሚገኝ ነበር። የስቱዲዮ ዝግጅቶች አብዛኞቹ በቀጥታ የሚተላለፉ በመሆናቸው አቅራቢው ቢሳሳት የሚያርምበት ዕድል አልነበረውም። ይህ ሁኔታ ከጋዜጠኛ ይልቅ የመድረክ ሰውን የሚፈልግ ነበር።

አባባ ተስፋዬ በሚል ስም የሚታወቁት ተስፋዬ ሣህሉ ደግሞ የመድረክ ሰው ነበሩ። በባሌ ተወልደው ከአገራችን ዘመናዊ ቴያትር ቀደምት ተዋንያን አንዱ ለመሆን የበቁ ናቸው። ሴቶች መድረክ ላይ መውጣት ባልጀመሩበት ወቅት የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ተጫውተዋል። ወደ ኮርያ ዘምተው ለቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ዝግጅት አቅርበዋል። ኋላም በዛሬው ብሔራዊ ቴያትር ለረጅም ዘመን ሠርተዋል። ክራር ይጫወታሉ፤ ምትሃት ያሳያሉ፤ ድምፅና መልክ ይለዋውጣሉ። የእንግሊዙ ኩባንያ ያመጣው መሣሪያውን ነበር፤ በመሣሪያው ፊት የተቀመጠው ሰው ግን ይዞት የመጣው ሙያ አስቀድሞ በመድረክና በጨዋታ የተፈተነ ነበር።

«የልጆች ጊዜ» ከቴሌቪዥኑ ጅማሮ አንሥቶ አርባ ዓመት ለሚያልፍ ጊዜ በእኚህ ሰው አማካይነት ቀርቧል። በዚህ ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ወደቀ፤ ደርግ መጥቶ ሄደ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ሥርጭቱ ከጥቁርና ነጭ ወደ ቀለም ተለወጠ። ኢሕአዴግም ገብቶ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ገዛ። ዝግጅቱ በእርሳቸው አቅራቢነት መቅረቡን ያቆመው በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ እርሳቸውም ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሦስት ሥርዓት የተሻገረ የቴሌቪዥን ዝግጅት በአገራችን ብዙ አይደለም። ይህን ያህል የቆየው በምን ምክንያት እንደሆነ ሲጠየቅ «አባባ ተስፋዬ በጣም ስለሚወደዱ» የሚለው መልስ ትክክል ቢሆንም በቂ አይደለም። መወደዳቸው ራሱ ምክንያት ይፈልጋልና።

3. የተረቱ ክዋኔ

ለእኔ ምክንያቱ ዝግጅቱ የቴሌቪዥንን ሕግ ሳይሆን የተረትን ሕግ የተከተለ መሆኑ ነው። ይህን ለማሳየት ሦስት ነጥቦችን ብቻ አነሣለሁ።

አንደኛው የአቀማመጡ ነገር ነው። ሽማግሌው ተቀምጠዋል፤ ልጆች በዙሪያቸው ተኮልኩለዋል። ይህ ምስል በምድጃ ዳር ያለ አቀማመጥ ነው፤ የጎደለው እሳቱ ብቻ ነው። በቤቱ ያለው ተመልካች በክቡ ውስጥ ክፍት በቀረው ሥፍራ በመስኮቱ በኩል ገብቶ የሚቀመጥ ያህል ይሰማው ነበር።

ሁለተኛው የስያሜው ነገር ነው። አቅራቢው «አቶ» አልተባሉም፤ «አባባ» ተባሉ። የዝምድና መጠሪያ የሥራ መጠሪያን ተካ። እርሳቸውም ተመልካቾቻቸውን የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች እያሉ ይጠሩ ነበር። በሥነ ቃል ጥናት እንደምናውቀው ተረት የሚነገረው ለማይታወቅ ሕዝብ አይደለም። ተራኪውና አድማጩ በዝምድና ወይም በጉርብትና የተሳሰሩ ናቸው። ቴሌቪዥን ይህን ትስስር በተፈጥሮው ያፈርሰዋል፤ «አባባ» የሚለው አንድ ቃል ግን መልሶ ያቆመዋል።

ሦስተኛውና ዋነኛው የጥሪና የምላሽ ነገር ነው። የአማርኛ ተረት የሚከፈተው በተራኪው ብቻ አይደለም። ተራኪው «ተረት ተረት» ካለ በኋላ አድማጩ «የላም በረት» ብሎ እስኪመልስ ድረስ ተረቱ አይጀመርም። ይህ ልማድ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ውል ነው። አድማጩ «እየሰማሁ ነው፣ ቀጥል» ብሎ በአፉ ይፈርማል። በ«የልጆች ጊዜ» ይህ ውል አልተጣሰም። ሰላምታቸውን ይሰጣሉ፤ ልጆቹ እስኪመልሱ ይጠብቃሉ። በዚያ ጥበቃ መሐል ደግሞ በየቤቱ ያለው ልጅ ለሣጥኑ ይመልሳል። ሣጥኑ እንደማይሰማው እያወቀ ይመልሳል። የቴሌቪዥን ተመልካች ወደ ታዳሚነት የሚለወጠው በዚህች ቅጽበት ነው።

በዚህ ላይ እንግዳ ልጆች እየመጡ የየራሳቸውን ተረትና መዝሙር ማቅረባቸው ሲጨመር፣ ዝግጅቱ በአንድ በኩል ሙሉ «መጋዘን»፣ በሌላ በኩል ሙሉ የምድጃ ዳር ጨዋታ ነበር ማለት ይቻላል። ምክሩም አልቀረም። ለታላላቅ መነሣት፣ ንጽሕና መጠበቅ፣ ትምህርት መውደድ ከተረቱ ጋር እየተያያዙ ይነገሩ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ለውጥ አስተውላለሁ። በቃል ተረት ውስጥ ምክሩ ብዙ ጊዜ በተረቱ ሆድ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፤ አድማጩ እንደ ዕድሜው ያወጣዋል። በቴሌቪዥኑ ግን ምክሩ ወጥቶ በግልጽ ይነገር ነበር። ይህ ለሕፃኑ ሲጠቅም ታዳጊውን ትንሽ ይገፋዋል። የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ የተረቱን ትርጉም ራሱ ማውጣት ይፈልጋልና።

4. ከግድግዳው ወዲያና ከተራራው ወዲያ

ከዚህ በላይ ያልሁት በክቡ ውስጥ ስለነበሩት ነው። አሁን ወደ ውጪዎቹ ልሻገር። ስለ እነርሱ የምጠራቸው ምስክሮች ሁለት ሲሆኑ፣ አንዱ የአጎቴ ልጅ፣ ሌላው እኔው ነኝ።

የጋሞ ሸማኔ ወደ አዲስ አበባ መሰደድ የታወቀ ታሪክ ነው። ሽሮ ሜዳ ከጋሞ ደጋ በወረዱ ሸማኔዎች ጉልበት የቆመ ሠፈር ነው። የአጎቴ ልጅ በደርግ ዘመን ማብቂያ አካባቢ፣ በዐሥራ ሦስት ዓመቱ፣ ሙያ ሊማር ወደዚያ ሄዶ ነበር። ሌሊትና ቀን ከጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰድዶ ሲሸምን ይውላል፤ ያመሻል። በግድግዳው ማዶ ያለው ጎረቤት ቴሌቪዥን ነበረው። «አባባ ተስፋዬን አውቃቸዋለሁ፣ በድምፅ» ይላል ዛሬም ሲጠየቅ። «ልጆቹ አንድ ላይ ሲመልሱ እኔም መወርወሪያዬን እየወረወርሁ እመልስ ነበር። መልካቸውን ያየሁት ግን ትልቅ ሰው ከሆንሁ በኋላ ነው።» ይህ ምስክርነት ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ ከሥርጭቱ ውጪ ለመሆን ከአዲስ አበባ መራቅ አላስፈለገም፤ አንድ የጭቃ ግድግዳ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ጥሪና ምላሹ ከምስሉ የበረታ ነበር። ዓይን ባይደርስም ጆሮ ይደርሳል፤ ጆሮ ከደረሰ ምላስ ይመልሳል።

የእኔው ደግሞ እንዲህ ነው። ካምባ ሳድግ በቤታችን የሚነገረው ተረት በጋሞኛ ነበር። የሚነግሩን አያቴ ነበሩ። ከብቶቹ በዚያው ጣሪያ ሥር፣ በአጥር ተለይተው ያድራሉ፤ እሳቱ መሐል ነው። ቴሌቪዥን የሚባል ነገር በስም እንሰማለን እንጂ አናውቀውም። በ1987 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ለመግባት ወደ አርባ ምንጭ ተላክሁ። ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ሲቀላ ውስጥ አንዲት ሻይ ቤት በግድግዳ መደርደሪያ ላይ ከፍ ተደርጎ የተሰቀለ ቴሌቪዥን ነበራት። ለማየት ሻይ መግዛት ግዴታ ነው። እኔም ሳምንቱን ቆጥቤ አንድ ብርጭቆ ሻይ እገዛና እስኪቀዘቅዝ፣ ከቀዘቀዘም በኋላ እጠጣዋለሁ።

በዚህች ሻይ ቤት «የልጆች ጊዜ»ን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ዙሪያዬን የነበሩት የሰባትና የስምንት ዓመት ልጆች ናቸው። ባለቤቲቱ «አንተ ጎረምሳ፣ ይሄ እኮ የሕፃናት ነው» አሉኝ። አፈርሁ፤ ግን አልተነሣሁም። ተረቱ የእንስሳት ተረት ነበር፤ ጅብ አለበት። እኔ ጅቡን አውቀዋለሁ። ስግብግብነቱን፣ ሞኝነቱን፣ መጨረሻ ላይ የሚደርስበትን ሁሉ ከአያቴ ሰምቻለሁ። እንግዳ የሆነብኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጅቡ አማርኛ ይናገራል።

የእንስሳት ተረት ከቋንቋ ቋንቋ እንደሚሻገር ያኔ አላውቅም ነበር። የተሰማኝም ደስታና መደፈር በአንድ ላይ ነው። ደስታው፣ ከካምባ የያዝሁት ተረት እዚህም ዋጋ ያለው መሆኑን በማየቴ ነው። መደፈሩ ደግሞ የእኛን ጅብ ሰዎች ሳይጠይቁ የወሰዱት ስለመሰለኝ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ግን «ተረት ተረት» ሲባል ድምፄን ከፍ አድርጌ «የላም በረት» አልሁ። በክፍል ውስጥ አማርኛ ለመናገር አፌ ይተሳሰር ነበር። ያቺ ምላሽ ሳልፈራ የተናገርኋት የመጀመሪያዋ አማርኛ ናት። ዛሬ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ የማስተምር ሰው የሆንሁበትን ምክንያት ተማሪዎቼ ሲጠይቁኝ ስለ ታላላቅ ልብ ወለዶች እነግራቸዋለሁ። እውነቱ ግን ያቺ ሻይ ቤት ናት።

ለዕረፍት ካምባ ስመለስ የተማርሁትን ላሳይ ብዬ በምድጃችን ዳር «ተረት ተረት» አልሁ። መልስ የሚሰጠኝ አልነበረም። ታናናሾቼን አስጠናኋቸውና «የላም በረት» አሉ። አያቴ አማርኛ አይሰሙም ነበርና ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁ። ተረጎምሁላቸው። ዝም ብለው ተረቱን እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሲያልቅ «ላሟስ?» አሉኝ በጋሞኛ። ላም በተረቱ ውስጥ እንደሌለች ነገርኋቸው። «አንተው አይደለህ በረት ውስጥ ናት ያልኸው? በዚህ ብርድ ላሟን ከቤት ያስወጣት ማነው?» አሉ። ሁላችንም ሳቅን።

ያን ጊዜ ለሳቅ የሆነው ጥያቄ ዛሬ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጥያቄ ሆኖብኛል። ላም ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር በምታድርበት ቤት «የላም በረት» የሚለው መክፈቻ ባዶ ድምፅ ነው። የተረቱ ሐረግ የአንድ አገር ቤት አሠራር ውጤት ነውና። ዝግጅቱ ለአገሪቱ ልጆች ሁሉ አንድ ምድጃ አበጀ፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ያ ምድጃ የተሠራው በአንድ ቋንቋ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ኦሮምኛና ትግርኛን ቢጨምርም፣ በእኔ የተማሪነት ዘመን ጋሞኛን በመስኮት መስማት የሚታሰብ አልነበረም።

በዚህ ላይ የአካባቢው ቋንቋ የራሱ ፈተና ነበረበት። በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ። ነገር ግን በ1990ዎቹ መባቻ ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን አቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በሚል ስም አንድ የመማሪያ ቋንቋ ለማድረግ የተሞከረው ሙከራ በ1992 በወላይታ ሶዶ ሕይወት እስከ መጥፋት የደረሰ ተቃውሞ አስነሥቶ ተሻረ። ከዚህ መረዳት የሚቻለው፣ ቋንቋን በመሥሪያ ቤት ማቀላቀልና ተረትን በምድጃ ዳር መቀላቀል አንድ አለመሆናቸውን ነው። ጅቡ ከጋሞኛ ወደ አማርኛ ያለ ጠብ ተሻግሯል፤ ምክንያቱም ማንም አላዘዘውም።

5. መልስ የማይጠብቀው መስኮት

ቴሌቪዥን በይፋ ለታዳጊዎች ተብሎ ወደ ጋሞ ደጋ የወጣው በ1997 ዓ.ም. ነው። የመጣውም በትምህርት መልክ ነበር። በመላ አገሪቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳተላይት የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። ሕዝቡ በመስኮቱ ዓይነት «ፕላዝማ» አለው። ሒሳቡ፣ ሳይንሱና እንግሊዝኛው በእንግሊዝኛ ቋንቋ ይተላለፋል። ከአርባ ደቂቃ ገደማ ክፍለ ጊዜ ሠላሳው ያህል የመስኮቱ ነው፤ ለክፍሉ መምህር የሚቀረው የመግቢያና የመውጫ ጥቂት ደቂቃ ነው።

ያን ጊዜ እኔ በአንድ የደጋ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር ነበርሁ። አማርኛ በፕላዝማ ከሚተላለፉት ትምህርቶች ውስጥ ስላልነበረ የሌሎቹን ክፍለ ጊዜ በር ላይ ቆሜ አይ ነበር። አንድ ነገር አልረሳም። በመስኮቱ ያለው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል፤ ከዚያም «በጣም ጥሩ» ይልና ይቀጥላል። በክፍሉ ውስጥ ግን የመለሰ የለም። ገና ጥያቄውን በልባቸው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ጋሞኛ እያመላለሱ ሳለ መልሳቸው ተመሰገነ። ተማሪዎቹ በመጀመሪያ ሰሞን ሳቁ። በኋላ መሳቁንም ተዉት።

አባባ ተስፋዬም ልክ እንደዚሁ ለማያዩት ልጅ ይናገሩ ነበር፤ እርሳቸውም የቤቱን ልጅ መልስ አይሰሙም። ታዲያ ልዩነቱ ምን ላይ ነው? ልዩነቱ ያለው ዝምታው ላይ ነው። የእርሳቸው ዝምታ የሚሞላው በአጠገባቸው ባሉ ልጆች ድምፅ ነው፤ የቤቱ ልጅ ከእነዚያ ጋር አብሮ ይመልሳል። የፕላዝማው ዝምታ ግን ባዶ ነው። ዝምታውን የሚሞላው የተማሪው ድምፅ እንዲሆን ቢታሰብም፣ ለዚህ የሚሆን ጊዜም ቋንቋም አልተሰጠውም።

አንድ ቀን የመብራት መቋረጥ አጋጥሞ ሁለት ክፍል ተማሪዎች በእኔ ክፍለ ጊዜ ተጨናንቀው ተቀመጡ። የማደርገው ቢጠፋኝ «ተረት ተረት» አልሁ። ጎረምሶችና ኮረዶች ናቸው፤ ይንቁኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። «የላም በረት» ብለው ሲመልሱ የቆርቆሮው ጣሪያ ነዘረ። ታዳጊ ተረት አይወድም የሚለውን አስተያየት ከዚያ ቀን ወዲህ አልቀበልም። ታዳጊው የማይወደው መልሱን የማይጠብቅለትን ተናጋሪ ነው።

ከዚያ ወዲህ ለታዳጊዎች ታስበው የተዘጋጁ ሥራዎች በአገራችን አልጠፉም። ለምሳሌ በ2005 ዓ.ም. የጀመረው «የኛ» የሬዲዮ ድራማን፣ ሙዚቃንና ውይይትን አቀናጅቶ ለታዳጊ ሴቶች ያቀረበ ነበር። ከድራማው ቀጥሎ ውይይት መኖሩ የጥንቱን የጥሪና የምላሽ ሥርዓት በአዲስ መልክ የመለሰ ነው። ይሁን እንጂ የእንግሊዝ መንግሥት በ2009 ድጋፉን ማቋረጡ፣ በውጭ ገንዘብ የተለኮሰ ምድጃ በሌላ ሰው ውሳኔ ሊዳፈን እንደሚችል አሳይቷል።

6. ማጠቃለያ

በአርባ ምንጭ በመስከረም 2011 ዓ.ም. የሆነውን ብዙ አንባቢ ያስታውሳል። በቡራዩና አካባቢው በደረሰው ግድያ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል በወጡ ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ይህ ተረት አይደለም፤ ነገር ግን አሠራሩ ከተረት ክዋኔ ጋር አንድ ነው። ሽማግሌው ጥሪውን ያቀርባል፤ ከዚያም መልሱን ይጠብቃል። ሣሩ «ተረት ተረት» ነው፤ የወጣቱ ወደ ኋላ መመለስ ምላሹ ነው። ወጣቱ ያን ሣር ማንበብ የቻለው በልጅነቱ በራሱ ቋንቋ ስለተማረው ነው። በዚያች ሰዓት ሽማግሌዎቹ ሌላ ምልክት ቢያነሡ ኖሮ ያ ምላሽ ይገኝ ነበር ብዬ አላምንም።

እንግዲህ «የልጆች ጊዜ» ያተረፈልን ቅርጹን ነው። ሽማግሌ፣ ክብ፣ ጥሪ፣ ጥበቃ፣ ምላሽ። ይህ ቅርጽ በቴሌቪዥን ላይ አርባ ዓመት መኖር እንደሚችል በተግባር አሳይቷል። ያላተረፈልን፣ ሊያተርፍልንም ያልቻለው፣ የየምድጃውን ቋንቋና ልዩነት ነው። አንድ ተረት በአንድ ድምፅ ለአገር ሲነገር ሌሎቹ አነጋገሮች ስሕተት መስለው ይታያሉ። ለዚህ ተወቃሹ ዝግጅቱ አይደለም። ተወቃሾቹ ቴሌቪዥን ያልሠራውን መሥራት የነበረብን እኛ ነን፤ በተለይም በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ያለን።

ይህን የምለው ራሴን ሳልነጥል ነው። የፈቃደ አዘዘ «የሥነ ቃል መምሪያ» በ1991 ዓ.ም. ሲወጣ እኔ ለመጀመሪያ ዲግሪ ለመግባት ደጅ ላይ ነበርሁ። ክፍል ውስጥ ተምሬበታለሁ፤ ኋላም አስተምሬበታለሁ። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያዬ የአማርኛ ተረቶችን ሰብስቤ፣ አውዳቸውንና ክዋኔያቸውን ተንትኜ ጥሩ ውጤት አገኘሁ። ቴፔን ይዤ ወደ ካምባ የወጣሁት ከዚያ በኋላ በ1999 ዓ.ም. ነው። አያቴ ካረፉ አምስት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

የተረቶቻቸውን ጭብጥና የድርጊት ፍሰት አስታውሳለሁ። ልጽፋቸው ስቀመጥ ግን በአእምሮዬ ውስጥ ጅቡ አማርኛ ይናገራል። በጋሞኛ እንዲናገር ባስገድደው፣ የሚናገረው ከአማርኛ የተተረጎመ ጋሞኛ ነው። አያቴ ተረታቸውን ሲከፍቱ የሚሉት ቃል ነበራቸው፤ እኛም የምንመልሰው ነበረን። ምላሹ ትዝ ይለኛል። ጥሪው ጠፍቶብኛል።

ስለዚህ ለዚህ መጽሔት ወጣት አንባቢያን ሁለት ነገር አሳስባለሁ። በመጀመሪያ፣ «የልጆች ጊዜ»ን እንደ ትዝታ መተረክ ብቻ ሳይሆን፣ የተቀረጹትን ዝግጅቶች እየፈለጋችሁ እንደ ሥነ ቃል ክዋኔ አጥኑት። ጥሪው ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቅ፣ እንግዳው ልጅ ተረቱን ሲረሳ አባባ ተስፋዬ ምን እንደሚሉ፣ ምክሩ ከየት እንደሚጀምር ጻፉ። ሁለተኛ፣ ወደየመጣችሁበት ስትመለሱ ከተረቱ በፊት መክፈቻውን መዝግቡ። ተረቱ ከአገር አገር ይዞራል፤ ከሌላ ቦታም ይገኛል። መክፈቻው ግን የቤቱ ነው፤ ቤቱ ሲፈርስ አብሮ ይፈርሳል።

አያቴ «ላሟስ?» ብለው የጠየቁኝን ጥያቄ ያኔ በሳቅ አልፌዋለሁ። መልሱ አሁን ነው የገባኝ። ላሟን ከቤት ያስወጣኋት እኔ ነኝ።